ማኒፎልዱን ላስፋው ወይ ብሎ ለጠየቀኝ ልጅና ለእኩዮቹ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ከአባቱ የተረከባትን ኮሮላ ዲኤክስ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ካለችው ጋራዤ በር ላይ አቁሞ፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ «ጋሼ፣ የአየር ማስገቢያ ማኒፎልዱን በሞረድ ባሰፋው ስንት የፈረስ ጉልበት ይጨምርልኛል?» ሲል ጠየቀኝ። ማኒፎልድ አየሩን ከካርቡሬተሩ፣ ማለትም ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ዕቃ፣ ቤንዚኑ ወደሚነድባቸው ሲሊንደሮች የሚያከፋፍል ቱቦ ነው። ልጁ ቁጥር ነበር የሚጠብቀው። እኔ ሻይ አዘዝኩለትና ስለ አባቱ ጤንነት ጠየቅኩት፤ ይህንኑ ጥያቄ በዚያችው ዓይነት መኪና ላይ ከ30 ዓመት በፊት በገዛ እጄ መልሼው ነበርና አፌ አልታዘዝ አለኝ። ያን ቀን ያልነገርኩትን አሁን እጽፍለታለሁ፤ እናንተም አብራችሁ አንብቡት።

በ1986 ዓ.ም. ቃሊቲ በሚገኝ አንድ ጋራዥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። አለቃዬ ሙያውን ከጣሊያኖች ሥር ሆነው የተማሩ ሽማግሌ ነበሩ። ዛሬም የሞተሩን ራስ ቴስታታ፣ በክፍሎች መጋጠሚያ የሚገባውን ማሸጊያ ጓርኒሲዮን፣ ብልጭታ ሰጪዋን ካንዴላ የምንለው ከእንደ እርሳቸው ዓይነት ሰዎች አፍ ተቀብለን ነው፤ ቃላቱን ስንወርስ ትዕግሥታቸውን አልወረስንም። ደንበኛችን የነበረ አንድ ሰው በኮንትራት መንገደኛ እየጫነ ወደ ናዝሬትና መተሐራ የሚመላለስባት ነጭ ዲኤክስ ነበረችው፤ ቤተሰቡንም የሚያስተዳድረው በእርሷ ነበር። «ዳገት ላይ ትደክምብኛለች፣ አንድ ነገር አድርግልኝ» አለኝ። ለአለቃዬ ሳይሆን ለእኔ መናገሩ ልቤን ነፋው።

የመኪናዋ ሞተር 1290 ሲሲ የሆነው 4ኬ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ጉልበቱ ከ60 ፈረስ ብዙም አይርቅም። ይሁን እንጂ ይህ የባሕር ጠረፍ ላይ ያለ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት እዚያ ታች ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ሞተሩም በዚያው ልክ ይከሳል። ከ60ው 15 ያህሉን ኮረብታው አስቀድሞ ወስዶታል ማለት ነው። እኔ በሞረድ ላመጣ ያሰብኩት ደግሞ ቢበዛ አምስት ነበር። ይህን ቀላል ሒሳብ ያኔ ወረቀት ላይ አላሰፈርኩትም።

ማኒፎልዱን ፈታሁት። በ4ኬ ላይ ማስገቢያውና የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ የተቀመጡት በአንድ ጎን ስለሆነ አንዱ ሌላውን ያሞቀዋል፤ ይህም ቤንዚኑ በቶሎ እንዲተን ታስቦ የተደረገ ነው። አዲስ ጓርኒሲዮን አፉ ላይ ደቅኜ ዙሪያውን በመርፌ ጫርኩትና ስመለከት፣ የማኒፎልዱ ቀዳዳ ከቴስታታው ቀዳዳ ጋር አልገጠመም፤ በአንዱ በኩል ወደ 2 ሚሊሜትር የሚጠጋ ከንፈር ወደ ውስጥ ገብቶ የአየሩን መንገድ ይሰብረዋል። እርሱን ሞረድኩት። እስከዚህ ድረስ የሠራሁት ሥራ ዛሬም አያሳፍረኝም። አለቃዬ መጥተው በጣታቸው ዳሰሱትና «በቃ፣ ዝጋው» አሉኝ።

አልዘጋሁትም። እርሳቸው ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ ለሦስት ምሽት እያመሸሁ፣ ድሪል ላይ የመሞረጃ ድንጋይ አስሬ መተላለፊያዎቹን እስከ መጨረሻው አሰፋኋቸው፤ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት ፊቴ እስኪታየኝ ድረስ አለሰለስኳቸው። በካርቡሬተር የሚሠራ ማኒፎልድ ውስጥ የሚያልፈው ግን አየር ብቻ አይደለም፤ ቤንዚንም በጠብታ መልክ አብሮት ይጓዛል። መንገዱ ሲሰፋ አየሩ ይዘገያል፣ የዘገየ አየር ጠብታውን መሸከም ያቅተዋል፣ ጠብታው ግድግዳው ላይ ይቀመጥና እንደ ውኃ ይንሸራተታል። ሸካራ ግድግዳ ጠብታውን መልሶ ወደ አየሩ ይበትነዋል፤ መስታወት የሆነ ግድግዳ ግን ያንሸራትተዋል። በዚህ ምክንያት አንዱ ሲሊንደር ሲጠግብ ሌላው ይራባል።

መኪናዋ ጠዋት ጠዋት በቃሊቲ ብርድ አልነሳ ማለት ጀመረች፤ በዝቅተኛ የሞተር ዙር ሲረግጧት ታንቃ ትቆያለች። ዙሯ ከፍ ሲል ግን ትዘፍን ነበር፤ ባለቤቷም በድምፅዋ ተደሰተ። ጥቁር ጭስ ስላስቸገረን ቤንዚን የሚመጥነውን ትንሽ የነሐስ ጄት አውጥቼ ጠበብ ያለ አስገባሁ፣ የብልጭታውንም ጊዜ ጥቂት ቀደም አደረግኩት። ልብ በሉ፤ ይህ ቃሊቲ ላይ ትክክል ነበር። አየር በሳሳበት ከፍታ ካርቡሬተር ቤንዚን ያበዛል፣ ስለዚህ መቀነስ ተገቢ ነው። ብልጭታውን ማስቀደምም ከፍታ ላይ ይቻላል። እኔ የረሳሁት ነገር ቢኖር መኪናዋ ቃሊቲ እንደማትውል ነው፤ መተሐራ ከባሕር ጠለል በላይ 1000 ሜትር እንኳ አትሞላም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በአይሱዙ ላይ ተጭና መጣች። ከመተሐራ አራት ሰው ጭኖ በቀትር ወደ ወለንጪቲ ሽቅብ ሲወጣ ነበር የቆመችበት። አራተኛዋን ካንዴላ ፈትቼ ወደ ብርሃን አዞርኳት፤ ነጩ ሸክላዋ ኖራ መስሏል፣ ጫፉ ላይ እንደ አሸዋ የደቀቁ የሚያብለጨልጩ ነጥቦች ተጣብቀዋል። እነዚያ ነጥቦች የፒስቶኑ አሉሚኒየም ናቸው። ቴስታታውን ስናነሳ የአራተኛው ፒስቶን አናት ላይ ባቄላ የሚያሾልክ ቀዳዳ አገኘን። ታች አየሩ ሲወፍር የኔ ጠባብ ጄት ቤንዚኑን አሳንሶበታል፣ የቀደመው ብልጭታ ቤንዚኑን ያለ ጊዜው እያፈነዳ ሞተሩን አስኳኩቶታል፣ ያ ያለሰለስኩት ግድግዳ ደግሞ ካለችው ላይ የአራተኛውን ድርሻ ለሌሎቹ ሰጥቶበታል። ካንዴላዋን በእጄ ይዤ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ።

ሰውየው አጠገቤ ቆሞ ነበር። «ምናልባት አብዝቼ ረግጫት ይሆን?» አለኝ። እኔም ካንዴላዋን በጨርቅ ጠርጌ «ሊሆን ይችላል፤ ቤንዚኑም ሳይበላሽ አይቀርም» አልኩት። ለፒስቶንና ለሥራ ከፍሎ ሄደ። አለቃዬ ካንዴላዋን አይተዋት ነበር፤ ምንም አልተናገሩም፣ ከዚያ በኋላ ግን ካርቡሬተር እንድነካ አልፈቀዱልኝም። ሰውየው መኪናዋን እንደሸጣት ከዓመት በኋላ ሰማሁ። ሒሳቡን ልመልስለት የፈለግኩት ደግሞ የት እንደሚገኝ ማንም በማያውቅበት ጊዜ ነበር።

እናንተ በአንድ ነገር ትበልጡናላችሁ፤ ኮምፒውተር ሰክታችሁ የሞተሩን ጤንነት ታነባላችሁ፣ እኛ በጆሮና በአፍንጫ ነበር የምንሠራው። ነገር ግን ማርሚታ (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) አውልቆ ድምፅ ማግኘትን ጉልበት ማግኘት የምትሉት ነገር ያሳዝነኛል። የፋብሪካውን የአየር ማጣሪያ ሣጥን ጥላችሁ ክፍት ማጣሪያ ስትገጥሙም ሞተሩ ከቦኔቱ ሥር የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል፤ ትኩስ አየር ደግሞ የሳሳ አየር ነው፣ የሳሳ አየር ከተማችን አልጠፋባትም። ፋብሪካው ሞኝ አይደለም። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው 4ኤ-ጂኢ ሞተር ላይ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት የአየር መተላለፊያ ሠርቶ፣ በዝቅተኛ ዙር አንዱን የሚዘጋ ክዳን አስገብቶለት ነበር፤ በደቂቃ ከ4000 ዙር በላይ ሲሆን ነው ክዳኑ የሚከፈተው። እናንተ ለማስፋት የምትለፉበትን እነርሱ ለማጥበብ ገንዘብ አውጥተዋል፤ ረጅምና ቀጭን መንገድ በዝቅተኛ ዙር፣ አጭርና ሰፊ ደግሞ በከፍተኛ ዙር ሞተሩን እንደሚሞላ ያውቃሉና። ዳገት የምትወጣ መኪና የምትኖረው በየትኛው ዙር እንደሆነ እናንተው ገምቱ።

መጽሐፍም ቢሆን ከፍታችንን አያውቅም። ገና ጀማሪ ሳለሁ ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል የሚያሳይ የቫኪዩም መለኪያ ማኒፎልድ ላይ ሰክቼ 12 ኢንች ሜርኩሪ ሲያሳየኝ፣ መጽሐፉ ከ17 እስከ 21 ይላል ብዬ ጤነኛ ሞተር አወረድኩ። በእኛ ከፍታ 12 የደኅና ሞተር ንባብ ነው።

ይህን ሁሉ ጽፌ ስጨርስ ማኒፎልድ አትንኩ ያልኳችሁ ይመስላል፤ እኔ ግን ዛሬም ቴስታታ ባነሳሁ ቁጥር ያቺን ከንፈር ሳልሞርድ አልዘጋም፣ ዙሩ ሲወጣ የሚሰማው ድምፅም ደስ ይለኛል። ስለዚህ ለዚያ ልጅ ደወልኩለት። ቅዳሜ ማኒፎልዱን ፈትቶ አዲስ ጓርኒሲዮን ከሶማሌ ተራ ገዝቶ ይምጣ፤ በመርፌ ጭረን የማይገጥመውን ብቻ አብረን እንሞርዳለን። የካርቡሬተሩን ጄትና ብልጭታውን ግን ባሉበት ይተዋቸው። ወደ አዋሽ ብዙ ጊዜ ይወርድ እንደሆነ ጠየቅኩት፤ «እጮኛዬ ድሬዳዋ ናት» አለኝ።