ባሌ «ለውድድር እየጾምኩ ነው» ይለኛል፣ ይሄ ጾም ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ? ወለተ ሚካኤል ነኝ ከሱሉልታ። ባለቤቴ የማራቶን ሯጭ ነው፣ በተክሊል ከተጋባን 4 ዓመታችን። ውድድር 3 ወር ሲቀረው ሌላ ክፍል ነው የሚተኛው፣ አሰልጣኜ ነው ያለኝ ይላል፣ ስጠይቀው ደግሞ «ይሄም እንደ ጾም ነው፣ ቅዱስ ጳውሎስም የሚታገል ሁሉ ሰውነቱን ይገዛል ብሏል» ይለኛል። አንዱ ሲያልቅ ማናጀሩ ሌላ ውድድር ያመጣል። የ3 ዓመት ልጃችን «ዝም በል አባ ተኝቷል» እየተባለ ስላደገ ጎረቤት ቤት ሄዶም በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። የሚሮጠው ለኛ ነውና ዝም ልበል? መናደዴስ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እህቴ ወለተ ሚካኤል፣ የልጁን ነገር ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ።

መጀመሪያ ሩጫው ኃጢአት አይደለም፣ እንጀራው ነው። እኛ ከኪዳን ስንመለስ እነሱ በብርዱ እንጦጦን ሲወጡ አያለሁ፣ እውነት ለመናገር በትጋታቸው እቀናለሁ። ግን ባለቤትሽ የጠቀሰው ጥቅስ 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 9 ላይ ነው ያለው፣ ቆሮንቶሶች ደግሞ ከከተማቸው አጠገብ በየ2 ዓመቱ ትልቅ ውድድር ስለነበራቸው ሐዋርያው በሚያውቁት ነገር ነው ያስተማራቸው፣ ያሸነፈው የሚሸለመው የሚደርቅ የቅጠል አክሊል ነበር። እዛው ደብዳቤ ላይ ምዕራፍ 7 አለ፣ 9 ላይ የደረሰ ሰው እሱን ዘሎ ካልሆነ አይደርስም 😊 እዛ ላይ ባል በገዛ ሥጋው ላይ ሥልጣን የለውም ሥልጣኑ የሚስቱ ነው፣ ሚስትም እንደዛው፣ መለየት ካለባችሁም ለጸሎት፣ ያውም ተስማምታችሁ ለጊዜው ብቻ ይላል። ተስማምታችሁ ነው የሚለው፣ አሰልጣኙ ተስማምቶ አይልም። ስለዚህ አንቺ ሳትጠየቂ የተወሰነው ነገር የስልጠና ፕሮግራም ልትይው ትችያለሽ፣ ጾም ግን አይደለም፣ ጾም ላይ ሁለታችሁም አብራችሁ ነው የምትገቡት አብራችሁም ነው የምትፈቱት።

መናደድሽ አይገርምም፣ ግን ንዴቱን ከረጅም ሩጫ ተመልሶ እግሩን ሲዘረጋ አታውርጂበት፣ ደክሞት የሚሰማሽ አይመስለኝም። ዝም ማለቱንም ግን አልመክርሽም፣ ዝምታሽን መስማማት አድርጎ ነው የቆጠረው መሰለኝ።

ለሱም አንድ ነገር ልበለው። ኦሪት ዘዳግም 24፥5 ላይ አዲስ ሚስት ያገባ ሰው ጦርነት እንኳ ቢሆን አይዘምትም፣ አንድ ዓመት ቤቱ ቁጭ ብሎ ሚስቱን ደስ ያሰኛት ይላል፣ አገር እየተወጋ ማለት ነው እንግዲህ። ቤተሰብ ሩጫ ያዘገያል ብሎ ከፈራ ደግሞ ደራርቱ ቱሉን ያስብ፣ እ.ኤ.አ በ1992 ባርሴሎና ላይ 10 ሺውን አሸንፋ፣ በመሃል ወልዳ፣ በ2000 ሲድኒ ላይ ደግማዋለች፣ ኒውዮርክ ማራቶንን ያሸነፈችው ደግሞ በ2009 ነው።

ከአሰልጣኙም ጋ ይነጋገር፣ ውድድሩ የገባ ሳምንት ለብቻዬ ልተኛ ቢልሽ አንቺም እሺ የምትዪ ይመስለኛል፣ 3 ወር ግን ሌላ ነገር ነው። ቀጣዩን ውድድር ለማናጀሩ እሺ ከማለቱ በፊት ደግሞ አንቺን ይጠይቅ። ቅዳሴ ልምምድ አያደርሰኝም ካለ ዓብይ ጾም ላይ ከሰኞ እስከ አርብ ቅዳሴ ከሰዓት ነው፣ ጠዋት ሮጦም ይደርሳል፣ አብራችሁ ግቡ።

የቀረውን ለኔ በጽሑፍ ሳይሆን ለንስሐ አባታችሁ ሁለታችሁም ሄዳችሁ ንገሯቸው፣ ልምምድ የሚቀልበትን ቀን እሱ ይምረጥ። ልጁንም ይዛችሁት ሂዱ፣ እዛ ግቢ ውስጥ ቢጮህ የሚቆጣው የለም።