አማካይ ለማውጣት ዲግሪ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምማረውን ዘርፍ የምመርጥበት ጊዜ ደርሷል፤ ልቤ ስታቲስቲክስ ላይ ነው። ግን ሒሳቤ መካከለኛ ነው። የአጎቴ ልጅ ደግሞ «አማካይና ፐርሰንት ለማውጣት ዲግሪ? ኮምፒውተሩ በሰከንድ ይሠራዋል» እያለ ያሾፍብኛል። እውነቱን ይንገሩኝ።
ግራ የገባት

መልስ፦ የአጎትሽ ልጅ አልተሳሳተም፤ አማካዩን ኮምፒውተር በሰከንድ ያወጣዋል። እኔን በሰው ፊት ያሳፈረኝም ይኸው የሰከንድ ሥራ ነው።

በተመረቅሁ በጥቂት ወራት ውስጥ የ400 እናቶች መጠይቅ ተሰጠኝ፤ ሁሉም ጨቅላ ያቀፉ። አማካይ ዕድሜያቸውን አወጣሁ፤ 41.2። ሰንጠረዡን አሳምሬ ስብሰባ ላይ አቀረብኩ። ቤት ለቤት እየዞሩ መጠይቁን ካስሞሉት አንዷ እጇን አወጣችና «እኔ ያነጋገርኳቸው እኮ ወጣቶች ናቸው፤ ይቺ አርባ አንድ ከየት መጣች?» አለች። መልስ አልነበረኝም። ወደ ፋይሉ ስመለስ የ60ዎቹ ዕድሜ 99 ተብሎ ተሞልቷል። 99 ዕድሜ ሳይሆን «አላውቅም» ለሚል መልስ የተሰጠ ኮድ ነበር፤ መጠይቁ መጨረሻ ገጽ ላይ ተጽፏል፣ እኔ አላነበብኩትም። እነሱን ሳወጣ አማካዩ 31 ሆነ።

እሱም ቢሆን አላስተኛኝም። የቀሩትን ዕድሜዎች በግራፍ ባያቸው 25፣ 30 እና 35 ላይ እንደ ምሰሶ ቆመዋል፤ 29 እና 31 ላይ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ዕድሜውን በትክክል የማያውቅ ሰው በዜሮ ወይም በአምስት ወደሚያልቅ ቁጥር ያጠጋጋል። ነገሩ ከመለመዱ የተነሳ የዊፕል ኢንዴክስ የሚባል መለኪያ ወጥቶለታል። ቁጥር ከማን አፍ ወጥቶ፣ በማን እጅ ተጽፎ ጠረጴዛሽ ላይ እንደደረሰ መጠርጠር፤ የምትማሪው ይህንን ነው።

ስለ ሒሳቡ አልዋሽሽም። የመጀመሪያዎቹ ኮርሶች ቀላል ስለሆኑ ያዘናጋሉ፤ አማካይ፣ ሚዲያን፣ ግራፍ። ተማሪ የሚንጠባጠበው ፕሮባቢሊቲና ማቲማቲካል ስታቲስቲክስ ላይ ነው፤ ካልኩለሱ ያልገባው እዚያ ይቆማል። ሊኒየር አልጄብራንም ለማለፍ ብቻ አትማሪው፤ ሪግሬሽን (አንዱ መጠን ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚገመትበት ዘዴ) ላይ ማትሪክሱ ተመልሶ ይመጣል። እኔ ፕሮባቢሊቲን ያለፍኩት በሲ ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ እንጀራዬ ሆኗል።

ከውጤትሽ ይልቅ ይህቺን ጥያቄ ሞክሪያት። አንድ በሽታ ከ1000 ሰው አንዱን ይይዛል። ምርመራው የታመመ አያመልጠውም፤ ግን ከ100 ጤነኛ አምስቱን በስህተት «ታመሃል» ይላል። አንድ ሰው ተመርምሮ «ታመሃል» ተባለ። በእርግጥ የመታመም ዕድሉ ስንት ነው? ብዙ ሰው 95 በመቶ ይላል። 1000 ሰው ደርድሪ፦ የታመመው 1፣ ጤነኞቹ 999። ከጤነኞቹ 50 ያህሉ በስህተት ይያዛሉ። «ታመሃል» ከተባሉት 51 ሰዎች የታመመው አንዱ ብቻ ነው፤ ሁለት በመቶም አይሞላም። እዚህ ጋ «ቆይ፣ እስቲ እኔው ልቁጠረው» ብለሽ እርሳስ ካነሳሽ ሒሳብሽ ይበቃሻል። «ይሁና» ብለሽ ካለፍሽው ግን ሁሉም ፈተናሽ ኤ ቢሆንም ሙያው ይሰለችሻል።

ገና ከጅምሩ የምታገኚው ቲ-ቴስት፣ የአማካዮች ልዩነት እውነተኛ ይሁን የአጋጣሚ የሚፈተንበት ዘዴ፣ የተወለደው ቢራ ፋብሪካ ውስጥ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ዊልያም ጎሴት የሚባል የጊነስ ሠራተኛ በጥቂት ናሙና የሚወስንበት መንገድ ቸግሮት ነው የፈለሰፈው፤ በ1908 ያሳተመውም በስሙ ሳይሆን «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ነው። ገብሱን ስለሚያውቅ ነው የትኛው ጥያቄ እንደሚያስቸግር የገባው። እኔ እናቶቹን አላውቅም ነበር፤ ያቺ ሴት ታውቅ ነበር። ስለዚህ ከስታቲስቲክሱ ጎን ከሌላ ዘርፍ፣ ጤናም ይሁን ግብርና ወይም ኢኮኖሚክስ፣ ሁለት ሦስት ኮርስ ውሰጂ። አር (R) ወይም ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋም ቶሎ ጀምሪ፤ የሶፍትዌር ሜኑ እየተጫኑ ብቻ መመረቅ ሥራ ፍለጋ ላይ ያስቆጫል።

ለአጎትሽ ልጅ ደግሞ የ1000 ሰዎቹን ጥያቄ ስጪልኝ። መልሱን ሳትነግሪው።