መልስ፦ ሁሉንም ለማገዶ አታውሉት

ሰላም ወዳጄ። ለተፈጥሮ ጥበቃ ሲባል ከተቆረጡት ዛፎች የተረፈውን እንጨት ፈልጣችሁ በመሸጥ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ማሰባሰብ ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀሃል። ያዋጣል፤ ግን ሁሉንም አትፍለጡት። ቀጥ ያለውንና ወፍራሙን ግንድ ለይታችሁ መጀመሪያ ለአናጺ ወይም ለእንጨት ቀራጭ አሳዩት፤ ከማገዶ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው እሱ ነው። ጫፎቹን ወዲያው ቀለም ወይም ሰም ቀቧቸው። እርጥበት በጫፍ በኩል ቶሎ ስለሚወጣ ያልተቀባ ግንድ ይሰነጠቃል። ጣውላ ካስወጣችሁም አየር እንዲዘዋወርበት በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባችሁ ከምሩት።

የማገዶው እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ይውረድ፤ ለጠንካራ እንጨት 1 ወይም 2 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። እርጥብ እንጨት ጭሱ ሰው ይጎዳል፣ ሙቀቱም ትንሽ ነው። በኪሎ አትሽጡ፤ ገዢው ለውሃ እንዳይከፍል በሜትር ኩብ ይሁን።

ከመሬቱ ባለቤት ጋር በጽሑፍ ተስማሙ።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ጥቂት ወፍራም ግንድና የበሰበሰውን እዚያው ተዉት። ስንት ጥንዚዛና እንጉዳይ የሚኖረው በሞተ እንጨት ላይ ነው፤ ሥራው የተጀመረውም ለእነሱ ዓይነት ፍጥረታት ነው። ተባይ የገባበትንም ወደ ሌላ አካባቢ አታጓጉዙ።