በባዶ ሆድ 112 ወጣብኝ ላልሽው

እህቴ፣ «እናቴ ስኳር አለባት፤ እኔም በባዶ ሆዴ ተመርምሬ 112 ሆነ፤ ያዘኝ ማለት ነው?» ላልሽው፣ አይዞሽ፣ በዚህ ቁጥር ስኳር በሽታ ነው አይባልም። በባዶ ሆድ የደም ስኳር ከ100 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ጤናማ ነው። ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር ይባላል፤ ከጤናማው ከፍ ያለ፣ ግን ገና በሽታ ያልሆነ ማለት ነው። 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ በሌላ ቀን ተደግሞ ሲረጋገጥ ነው በሽታው የሚባለው።

ግን ቢያንስ 8 ሰዓት ሳትበዪ ነበር? ጠዋት ስኳር ያለው ቡና ቀምሰሽ ከሆነ ቁጥሩ አይታመንም። የሚፈቀደው ውሃ ብቻ ነው። ያለፉትን ሦስት ወራት ገደማ የደም ስኳር አማካይ የሚያሳየውን የኤችቢኤዋንሲ ምርመራም ጠይቂ። እናትሽ ስላለባት ችላ እንዳትዪው። ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ቀንሺ። እኔ ከፒያሳ ማራኪ በባጃጅ መሄድ ትቻለሁ፣ በእግሬ ነው። የጎንደር ዳገት ራሱ ስፖርት ነው! የውሃ ጥም ከበዛብሽ ወይም ሽንት ቶሎ ቶሎ ካስቸገረሽ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ።