ወንድምዎ ቅሬታውን በጽሑፍ አስገብቷል?

ጥያቄ፦ ወንድሜ ቴነሲ ውስጥ የግል ኩባንያ በሚያስተዳድረው የስቴቱ እስር ቤት ነው ያለው። ሌላ እስረኛ ደብድቦ እጁን ሰበረው። በአካባቢው አንድም ጠባቂ አልነበረም። ኩባንያው ወጪ ለመቆጠብ ሲል በቂ ሰው አይቀጥርም። ደጋግሜ ደውዬ ባመለክትም ሰሚ አጣሁ። የምከሰው ስቴቱን ነው ወይስ ኩባንያውን?

መልስ፦ በደረሰበት ነገር በጣም አዝናለሁ። ኩባንያው የስቴቱን ሥራ ተክቶ ስለሚሠራ በሕገ መንግሥታዊ መብት ጥሰት ሊከሰስ ይችላል። ግን ጉዳቱን ያመጣው የኩባንያው አሠራር መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ጠባቂዎቹም የመንግሥት ባልደረቦቻቸው ከክስ የሚያገኙት ከለላ የላቸውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን እ.ኤ.አ. በ1997 የወሰነው ከዚያው ከቴነሲ በመጣ ጉዳይ ነው። ስቴቱን ራሱን ካሳ መጠየቅ ግን ከባድ ነው። ከሳሹም ወንድምዎ ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም።

አሁን ወዳልነገሩኝ ልምጣ። ድብደባው የደረሰው መቼ ነው? ወንድምዎስ በእስር ቤቱ ቅጽ ላይ ቅሬታ ጽፏል?

ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእርስዎ ስልክ በሕግ ፊት ቅሬታ አይደለም። ወንድምዎ ለጠባቂ በቃል መናገሩም አይቆጠርም። የ1996ቱ ፌዴራል ሕግ እስረኛ ክስ ከመመሥረቱ በፊት የውስጥ ቅሬታውን እስከ መጨረሻው እንዲያደርስ ያስገድዳል። በግል እስር ቤት ያለም ቢሆን ያው ነው። ቀነ ገደቡ ደግሞ አጭር ነው፤ በቀናት የሚቆጠርበት ቦታ አለ። ብዙ ቤተሰብ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ቅሬታው ውድቅ ሲሆን «በቃ፣ አልተቀበሉንም» ብለው ይተዉታል። ይግባኝ የሚባልበት ደረጃ ካለ ግን ያም ማለቅ አለበት። ያን ጊዜ ነው ፍርድ ቤት የሚሄዱት።

ቅሬታው ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ጠባቂ አለመኖሩን ይጻፍ። ቅጂም ይያዝ። ቅጽ ከከለከሉት ማን፣ መቼ እንደከለከለው ይመዝግብ። በእውነት ሊጠቀምበት ያልቻለውን መንገድ ጨርስ አይባልምና።

ዝርዝሩን ግን በስልክ አያውሩ፣ መስመሩ ይቀዳል። የሕክምና ማስረጃውን ለማውጣትም የእሱ ፊርማ ያስፈልጋል።

ቴነሲ ውስጥ የአካል ጉዳት ክስ ይርጋው፣ ማለትም ክሱ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ በጠቅላላው 1 ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ ቀኑንና ያሉትን ወረቀቶች ይዘው በዚህ ሳምንት እዚያው ስቴት ፈቃድ ያለው ጠበቃ ያነጋግሩ። እኔ ሰነዶቹን ሳላይ ከዚህ በላይ መናገር አልችልም።