የአንባብያን ጥያቄ፦ ረጅሙ ተራራ ሁልጊዜ ገዥ መሬት ነው?

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር በካርታ ላይ የጦርነት ጨዋታ እንጫወታለን። በጌቲስበርግ ጨዋታ መድፎቼን ዘወትር ከሁሉም በሚበልጠው ኮረብታ ላይ ባሰፍርም ጥቅሙ አልታየኝም። አሁን ደግሞ የዓድዋን ካርታ ራሳችን ለመሥራት ተነሥተናል። ለተራሮቹ ስንት የመከላከያ ነጥብ ብንሰጥ ተገቢ ይሆናል?

መልስ፦ ነጥቡን ለጊዜው እናቆየውና ከጌቲስበርግ እንጀምር፤ የጥያቄዎ መልስ አብዛኛው እዚያው ይገኛልና። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ከጁላይ 1 እስከ 3 ቀን 1863 እ.ኤ.አ. በተካሄደው በዚያ ውጊያ የሰሜኑ ጦር መስመር በደቡብ በኩል የሚያበቃው ሁለት ኮረብታዎች አጠገብ ነበር። ትልቁ ራውንድ ቶፕ ትንሹን ራውንድ ቶፕ በ40 ሜትር ገደማ ይበልጠዋል፤ ሆኖም በደን የተሸፈነ ስለነበረ ለመድፈኛ የሚመች እይታ አልነበረውም። የትንሹ ምዕራባዊ ገጽ ግን ዛፉ ተመንጥሮ ስለነበር ከፊቱ ያለውን ሸለቆ ወለል አድርጎ ያሳያል። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የጦሩ ዋና መሐንዲስ ጄኔራል ገቨርነር ዋረን እዚያ ሲደርሱ ተዋጊ ጦር ያልሰፈረበት መሆኑን ተመልክተው በአስቸኳይ ኃይል እንዲላክ ጠየቁ፤ የስትሮንግ ቪንሰንት ብርጌድም ጥቃቱ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ቦታውን ያዘ።

ከዚህ የሚቀጥለው ለካርታ ሠሪ ትልቅ ትምህርት ነው ብዬ አምናለሁ። መድፎቹ በሰው ጉልበት ጭምር ተጎትተው ወደ ድንጋያማው አናት ቢወጡም፣ አፈሙዛቸው የዚያን ያህል ወደ ታች ስለማይዘቀዘቅ ግርጌው ድረስ የተጠጋውን አጥቂ ሊመቱት አልቻሉም፤ እርሱን የመለሰው እግረኛው ነው። በማግስቱ ግን በጄኔራል ፒኬት ስም የሚታወቀው የደቡቡ ጦር ጥቃት ሜዳውን አቋርጦ ሲመጣ ከዚያው አናት የተተኮሰው መድፍ አጥቂውን ከጎኑ ደበደበው። ስለዚህ ኮረብታ የሚመዘነው ከላዩ ምን እንደሚታይ፣ በምን መሣሪያ ምን ያህል ርቀት እንደሚመታና የትኛውን መንገድ እንደሚዘጋ ታይቶ ነው። ኮረብታ ላይ የቆመን ሁሉ የመከላከል አቅሙን በእጥፍ የሚያሳድግ ደንብ ለአጀማመር ይጠቅም ይሆናል፤ ከዚያ አልፎ ግን ተጫዋቹን በቁመት ብቻ እንዲያስብ ያለማምደዋል።

እይታን በካርታ ላይ ማስላት አስቸጋሪ አይደለም። መድፍዎ ከሜዳው 60 ሜትር ከፍ ብሎ ቆሟል፤ ጠላት ደግሞ 1200 ሜትር ርቆ ሜዳው ላይ ነው እንበል። በመካከላቸው 20 ሜትር ከፍታ ያለው ጉብታ አለ። ጉብታው ከመድፉ 300 ሜትር ላይ ከሆነ፣ የእይታው መስመር እዚያ ሲደርስ 45 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚሆን በላዩ ያልፋል፤ ጠላት ይታያል። ያው ጉብታ 900 ሜትር ላይ ቢሆን ግን መስመሩ ወደ 15 ሜትር ስለሚወርድ ጠላት ይሰወራል። ለአጥቂ የሚበጀው መሸሸጊያ ብዙ ጊዜ ከራሱ አጠገብ ያለችው ትንሽ ጉብታ የሆነችውም በዚህ ምክንያት ነው። በካርታው ላይ ክር ዘርግተው የከፍታ መስመሮቹን እየቆጠሩ ቢያሰሉ ይህን በቀላሉ ያገኙታል።

የፕሩሲያው መኮንን ፎን ራይስቪትስ በ1824 እ.ኤ.አ. የጦርነት ጨዋታውን ሲያወጣ 1፡8000 በሆነ ዝርዝር ካርታ የተጠቀመውና የተዳፋቱን መጠን ከጦሩ እንቅስቃሴ ጋር ያገናኘው መሬቱ በውጤቱ ላይ ያለውን ድርሻ በመገንዘብ ነው። ከዚያ ሥርዓት ለዓድዋ የሚጠቅማችሁ ደግሞ ዳኛው ነው። ተጫዋቾቹ የሚያዩት ጦራቸው ሊያየው የሚችለውን ብቻ ሲሆን፣ ሙሉው ሁኔታ የሚታወቀው በዳኛው ዘንድ ነበር።

በዓድዋ ውጊያ ዕለት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ ብርጌዶቻቸውን በሌሊት ያንቀሳቀሱት በተሳሳተ ንድፍ ካርታ ነው። ኪዳነ ምሕረት ተብሎ የተመለከተው ኮረብታ እውነተኛው አልነበረም። የአልቤርቶኔ ብርጌድ በካርታው ወደታየው ስፍራ ከደረሰ በኋላ፣ እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ገና ወደ ፊት መሆኑን መንገድ መሪዎቹ ስለነገሩት ጉዞውን ቀጠለ፤ ከሌሎቹም ተነጥሎ ብቻውን ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተጋጠመ። እርሱን እንዲደግፍ የታዘዘው የዳቦርሚዳ ብርጌድም ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገብቶ ራቀ። በመካከላቸው ያሉት ተራሮች ስለጋረዷቸው ብርጌዶቹ መተያየትም መደጋገፍም አልቻሉም። ለእነዚህ ተራሮች የመከላከያ ነጥብ ብቻ ብትሰጧቸው፣ በዚያ ዕለት የሠሩትን ዋና ሥራ ከጨዋታው ታስወጡታላችሁ።

እንግዲህ ለቁመቱ የምትሰጡት ነጥብ መጠነኛ ይሁን፤ እርሱም ጥቃቱ ከታች ወደ ላይ ሲመጣ ብቻ ይታሰብ፤ በሸንተረሩ ላይ እኩል ከፍታ ይዞ ለሚመጣ አጥቂ አይሥራ። ዳገት መውጣት ከሜዳ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይፍጅ፤ በሌሊት ደግሞ የበለጠ። ተራራ የጋረደው ብርጌድ ከአዛዡ ትእዛዝ የሚደርሰው በመልእክተኛ ብቻ ይሁን። የጣሊያኑ ተጫዋች ታሪኩን አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ዳኛው ከጨዋታው በፊት ዕጣ ጥሎ በካርታቸው ላይ ያለ አንድ የኮረብታ ስም ቦታውን እንዲስት ያድርግ፤ የትኛው እንደሆነም ለማንም አይግለጽ። እውነቱን ለተጫዋቹ የሚነግረው ብርጌዱ ኮረብታው ላይ ከደረሰ በኋላ ይሁን።