ስለ ጠመንጃ ሁለቱ ፓርቲዎች የሚጣሉት ምኑ ላይ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ ዘንድሮ ዜግነት አግኝቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ልመርጥ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ግራ አጋቡኝ፣ አንዱ ሪፐብሊካን ከመረጥክ ያበደውም ጤነኛውም ጠመንጃ ይይዛል ይለኛል፣ ሌላው ዴሞክራት ከመረጥክ ቤትህ ድረስ መጥተው ሽጉጥህን ይወስዱብሃል ይላል። እውነቱ የቱ ነው? እኔም ለቤቴ አንድ ሽጉጥ ልግዛ እያልኩ ነው፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። ሁለቱም አጋነውብሃል። በ1791 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የጸደቀው፣ መሳሪያ የመያዝ መብትን የሚጠብቀው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አለ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2008 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ሰው ራሱን ለመከላከል ቤቱ ሽጉጥ የማስቀመጥ መብት አለው ብሎ ወስኗል፣ ስለዚህ በምርጫ ማግስት ቤት ለቤት እየዞረ ሽጉጥ የሚለቅም የለም።

ጸቡ መሳሪያው እጅህ ሳይገባ በፊት ምን ያህል ትጣራ የሚለው ላይ ነው። ፈቃድ ካለው ነጋዴ ስትገዛ ፎርም 4473 የሚባል ወረቀት ትሞላለህ፣ በከባድ ወንጀል ተፈርዶብህ ያውቃል ወይ፣ በትዳር ጥቃት ተቀጥተሃል ወይ እያለ ይጠይቅሃል፣ ከዛ ስምህ ይጣራል። ከግለሰብ ከገዛህ ግን የፌደራል ሕጉ ይሄን ሁሉ ሻጩን አያስገድደውም። ዴሞክራቶቹ ይሄ ቀዳዳ ይደፈን፣ በ1994 ወጥቶ በ2004 ጊዜው ያለፈበት የኤአር 15 ዓይነት መሳሪያ እገዳም ይመለስ ይላሉ። ሪፐብሊካኖቹ ደግሞ መብቴ ከሆነ ምን አስፈቀደኝ፣ ወንጀለኛውን ቅጡ እንጂ ሕግ አክባሪውን አታጉላሉት ባይ ናቸው።

በ2012 ኒውታውን ትምህርት ቤት ውስጥ 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች ከተገደሉ በኋላ ይሄንኑ ቀዳዳ ለማጥበብ ሴኔት ድምፅ ሰጠ። 54 ለ 46 ሆነ። አብላጫ ነው ግን 60 ስለሚያስፈልግ ወደቀ፣ ከላይ ከተመልካች ወንበር አንዲት ሴት «እፈሩ!» ብላ ጮኸች፣ እኔ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል። አራት ሪፐብሊካኖች ደግፈው አራት ዴሞክራቶች ተቃውመው ነበር፣ ለዛ ነው የፓርቲ ስም ብቻ አትይ የምልህ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የጎረሰ ጠመንጃ ይዞ በአደባባይ መሄድን የሚከለክለውን የ1967 ሕግ የፈረሙት ያኔ የስቴቱ ገዢ፣ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሪፐብሊካኑ ሬገን ናቸው፣ ብላክ ፓንተር የሚባለው የጥቁሮች የትግል ድርጅት አባላት ታጥቀው የስቴቱ ምክር ቤት በገቡበት ዓመት። ፍሎሪዳ ላይ በ2018 የመግዣ ዕድሜን ወደ 21 ያሳደገው ሕግም ሪፐብሊካን ገዢ ነው የፈረመው፣ በ2022 ዩቫልዲ፣ ቴክሳስ ትምህርት ቤት ውስጥ ከደረሰው ግድያ በኋላ ደግሞ 15 ሪፐብሊካን ሴናተሮች ከዴሞክራቶቹ ጋር ሆነው ከ21 ዓመት በታች ያለ ገዢ ጠለቅ ተብሎ እንዲጣራ አደረጉ። እጩህ እዚህ ላይ ምን ብሎ ድምፅ እንደሰጠ ፈልግ።

ደግሞም አንተን በየቀኑ የሚነካህ አብዛኛው የስቴት ሕግ ነው፣ ስለዚህ ለስቴቱ ምክር ቤት የምትሰጠውን ድምፅ አትናቀው። ቨርጂኒያ የሰጠችህ የመታጠቅ ፈቃድ ድልድዩን ተሻግረህ ሜሪላንድ ስትገባ አይሠራም፣ ረስተህ ወገብህ ላይ ይዘኸው ብትሻገር እስር አለው።

ስለ ሽጉጡ ደግሞ እንደ ወንድም ልንገርህ፣ እዚህ አገር በመሳሪያ ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ራሱን ያጠፋ ነው፣ ሌባ ፈርተህ የገዛኸው ነገር ቤት ውስጥ ለተከፋ ሰው ቅርብ ይሆናል። ከገዛህ ጥይቱን አውጣና ለብቻው ቆልፍበት፣ ነጋዴው ከሽጉጡ ጋር መቆለፊያ የመስጠት ግዴታ አለበት ተቀበለው፣ ልጅ አያገኘውም ብለህ ቁምሳጥን ላይ እንዳትተወው፣ ልጅ ወንበር ይጎትታል።